በትከሻ የሚከፈት በር

የእናቴን የግቢ በር ለመክፈት ዘዴ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ቁልፉን ታዞራለህ። ከዚያ እጀታውን በግራ እጅህ ትይዝና ቀኝ ትከሻህን ከመሃለኛው ብረት ሥር ታስገባለህ። ወደ ላይ ብድግ ታደርገዋለህ። ብድግ ሲል ትገፋዋለህ። ካላነሳኸው ንቅንቅ አይልም። የታችኛው ጫፉ ሲሚንቶውን እየቧጠጠ ግማሽ ክብ አስምሮበታል።

እማዬ ይህን በየቀኑ ታደርገው ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ በጨለማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ስትወጣ። 68 ዓመቷ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ በዚያ ሰዓት ብርዱ ሌላ ነው፤ ብረት ሲነኩት እጅ ይነክሳል።

በሩ ይጮህም ነበር። ሲጥጥጥ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ እንደ አህያ ያናፋል። ጎረቤቶች ሰዓት አይተውበት ያውቃሉ። «የእናትህ በር ከጮኸ ተነስቼ እሳት አያይዛለሁ» ያለችኝ ሴት አለች።

አሮጌ በር እንዳይመስላችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ነው የተሠራው፣ አንድ ብረታ ብረት ቤት። አናቱ ላይ የፀሐይ ጨረር የመሰለ ጌጥ አለው። ከሥሩ ሁለት አንበሶች ወርቃማ ቀለም ተቀብተው ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ያኔ ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። አንበሶቹንም የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ከስልክ ላይ ፎቶ አይቼ። አንበሶቹ ዛሬም ድረስ ጭረት የላቸውም። የሞተው ማጠፊያው ነው። ስለ ማጠፊያው ያኔ አንድ ቃል አልጠየቅኩም።

እኔ በያጅ አይደለሁም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁ በትክክል ማስረዳት አልችልም። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ማታ ማታ በእጁ የሚጨበጥ ነገር ያምረዋል መሰለኝ። መደርደሪያ ሠራሁ። በርጩማ ሠራሁ። ለጎረቤት የከሰል ምድጃ ሠራሁ፣ ሦስተኛ እግሩ ወለቀ። እንደገና በየድኩለት። እንደዚህ እንደዚህ እያልኩ ነው እንግዲህ ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ማሽኔን መኪና ላይ ጭኜ እማዬ ጋ የሄድኩት።

አልተደሰተችም። ማሽኑን ከመኪናው ሳወርድ በረንዳ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ተምረህ ተምረህ ብረት ልትበይድ?»

«ለበሩ ነው፣ እማዬ።»

«ሰው እንቅጠርለት። ሰፈሩ ምን ይላል?»

ሰፈሩ የሚለውን አውቃለሁ። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ» እያሉ ማንቋሸሽ ይቅር ነው ነገሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ የእማዬ ሰፈር ሙሉ በሙሉ ገና አልደረሰም። ለነገሩ እሷም የሰደበችኝ የለም። ብቻ ከመንገድ እንዳልታይ ወደ ጓሮ እንድገባ ፈለገች። ጓሮው ግን ጎመን አለበት። ፊት ለፊት ቀረሁ።

ጓሮ ባለመግባቴ ነው ጋሼን ያገኘሁት። ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ጡረታ የወጣ በያጅ ነው። ከብየዳው ድምፅ ይልቅ የድምፁ ዓይነት ሳይስበው አልቀረም። መጥቶ ካፖርቱን አጥብቆ ቆመ፤ ትንሽ አየኝ።

«ኤሌክትሮዱን እያራቅከው ነው» አለኝ። «ጥሩ ብየዳ ሥጋ ሲጠበስ የሚሰማውን ድምፅ ነው የሚያሰማው። ያንተ ይተፋል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ወንበር አወጣንለት። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አይበይድም። ይናገራል ብቻ።

መጀመሪያ ያደረገው አሮጌውን በር ማስወረድ ነበር። የላይኛውን ማጠፊያ በዲስክ ቆርጠን ሁለት ቦታ ከፈልነው። ዘንጉ 16 ሚሊ ሜትር የነበረ ነው። መሃሉ ላይ ተበልቶ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም ነበር። ውስጡ ደረቅ ነው፤ ቀይ የዝገት ዱቄት ወረደ። ጋሼ ዱቄቱን በጣቱ አነሳና አሸተተው። ለምን እንዳሸተተው አላውቅም።

«ይሄ የመስኮት ማጠፊያ ነው» አለ። «በር ላይ አንጠልጥለውበት።»

ይሄን ጊዜ የሂሳብ ሠራተኛነቴ ትዝ አለኝ። በር ክብደቱ ወደ ታች ብቻ የሚጫን ይመስለናል። አይደለም። በሩ ከማጠፊያው ወዲያ ተንጠልጥሎ ስለሚቆም ወደፊት መውደቅ ይፈልጋል። የላይኛው ማጠፊያ ይጎተታል፣ የታችኛው ይገፋል። ስንት እንደሚጎተት ማስላት ከባድ አይደለም። የበሩን ክብደት በወርዱ ግማሽ ታባዛለህ፣ በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ላለው ርቀት ታካፍላለህ። እኔ ያሰብኩት ትልቁ መዝጊያ ወደ 90 ኪሎ ይመጣል። ወርዱ 2 ሜትር ከ4 ሳንቲም ነው። ማጠፊያዎቹን በ1 ሜትር ከ60 ርቀት ብናስቀምጥ የላይኛው ላይ ቀን ከሌት 57 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። በሩ ባይከፈትም፣ ሰው ባይነካውም፣ ሌሊትም። አንድ ጎልማሳ ሰው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደማደር ነው። ማጠፊያዎቹን አራርቀህ ባስቀመጥካቸው ቁጥር ይህ ቁጥር ይቀንሳል። የድሮው በር ማጠፊያዎች በ90 ሳንቲም ርቀት ነበሩ። አንበሶቹ ቦታ ስለያዙ ነው ያቀራረቧቸው!

ዲዛይኑን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ወስኜ ነበር። የድሮው በር ሁለት እኩል መዝጊያ ነበረው፣ እያንዳንዱ ሜትር ከምናምን። እማዬ ብቻዋን ለመውጣት ያን ሁሉ ብረት ትጎትታለች። ብዙ ሰው ከትልቁ መዝጊያ ላይ ቆርጦ ትንሽ በር ያስገባል። እኔ አልወደውም። ትንሿ በር ሥር የሚቀረው ብረት ያደናቅፋል፤ አሮጊት ሰው እግሯን አንስታ መሻገር አለባት። ደግሞ መዝጊያውን መሃሉን ሲቀዱት አቅሙን ያጣል። ስለዚህ እኩል ያልሆኑ ሁለት መዝጊያዎች አደረግኩ። አንዱ ወደ 2 ሜትር፣ እህል የጫነ መኪና ሲመጣ ብቻ የሚከፈት። ሌላው ወደ 1 ሜትር፣ የእማዬ።

ወረቀት ላይ የሳልኩትን ለጋሼ አሳየሁት። ትልቁ መዝጊያ 2 ሜትር ከ10 ነበር ያኔ።

«ላሜራው ስንት በስንት ነው?» አለኝ።

«አንድ በሁለት።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ገባኝ። ሁለት ላሜራ ገጥሜ 10 ሳንቲም ሊጎድለኝ ነው። ለ10 ሳንቲም ሌላ ላሜራ ልቀድ ነው። ላጲስ አነሳሁ። ፍሬሙን 2 ሜትር ከ4 አደረግኩት፣ ላሜራው ዙሪያውን ሁለት ሁለት ሳንቲም ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲያርፍ። ትንሿ 1 ሜትር ከ4 ሆነች። ሦስት ላሜራ፣ አንድም ቁርጥ የለም። የግቢው አፍ 3 ሜትር ከ14 ነው፤ ለማጠፊያና ለመሃሉ ክፍተት 6 ሳንቲም ተረፈን። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የሚሰማኝ ደስታ የሂሳብ መዝገብ ሲዘጋ ከሚሰማኝ ጋር አንድ ነው።

ዕቃ ልገዛ ስሄድ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዝርዝሬ እንዲህ ይላል፦ 60 በ40 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ፣ 4 በርጋ። ላሜራ፣ 1.5 ሚሊ፣ 3። ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ግራሶ። ኩሽኔታ። ቤት ያለው ሞርሳ። ቶርኖ ቤት መሄድ። አንድ አማርኛ ቃል የለበትም ማለት ይቻላል። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ በ1933 ዓ.ም. ሄደ። የብረት ቤቱን ቋንቋ ግን ትቶልን ቀረ። ብረቱ ተቆራርጦ ተበይዶ በር ሲሆን ደግሞ አማርኛው ይመለሳል። መዝጊያ፣ መቃን፣ ጉበን፣ መድረክ፣ መቀርቀሪያ። ማጠፊያ።

ማጠፊያውን ከገበያ ልገዛ ነበር፣ ወፍራሙን። ጋሼ ነው ያስተወኝ። የአባቱን ቤት በር ነገረኝ። ሙሉው መዝጊያ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ሳንቃ ነው። ብረት የሚባል ነገር የለውም። ከራሱ ከሳንቃው ላይ፣ በአንድ ጎኑ፣ ከላይም ከታችም ጉጥ ተተውቶለታል። የላይኛው ጉጥ ጉበኑ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የታችኛው መድረኩ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። በሩ በራሱ ጉጥ ላይ ይሽከረከራል።

«ክብደቱን ማን ተሸከመው?» አለኝ፣ እንደ አስተማሪ።

«የታችኛው።»

«የላይኛውስ?»

«እንዳይወድቅ ይይዛል።»

«በቃ። እሱን ሥራ።»

ማጠፊያዎቹን ለመሥራት አራት ቀን ፈጀብኝ። በሩን በሙሉ ለመሥራት ስድስት ቀን ነው የፈጀው። ስለዚህ እዚህ ላይ ብቆይ አትቀየሙኝ።

ለዘንግ 25 ሚሊ ድፍን ክብ ብረት ገዛን፣ በ12 በ12 ሳንቲም ቆረጥነው። ዘንጉ የሚገባበት የአንድ ኢንች የውሃ ቧንቧ ነው፤ የውስጡ ስፋት 27 ሚሊ ገደማ ይመጣል። ሁለት ሚሊ ይላላል። እኔ በጣም ላላ ብዬ ነበር። ጋሼ «እሱ የግራሶው ቤት ነው» አለ። አሰላሁት። ሁለት ሚሊ ልቅነት በ1 ሜትር ከ60 ላይ ሲሆን የመዝጊያው ጫፍ የሚወርደው ሁለት ሚሊ ተኩል ብቻ ነው። ተውኩት።

ከዚያ ብይዋ። ከአዲስ አበባ ስመጣ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገብቼ ነበር። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ብረት መጨረሻው እዚያ ነው። ከአንድ ትልቅ የተሰበረ ኩሽኔታ፣ ዘንግ በብዮች ላይ ከሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ውስጥ የወጡ ብዮች ገዛሁ፣ እያንዳንዳቸው 22 ሚሊ። የኩሽኔታ ብረት ጠንካራ ነው። የብረት መጋዝ ብትሞክርበት ጥርሱ ይንሸራተታል እንጂ አይነክሰውም። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዘንጉ አናት ላይ ቶርኖ ቤት፣ ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት፣ ትንሽ ጎድጓዳ ያወጡልናል። ብይዋ እዚያ ትቀመጣለች። መዝጊያው በሙሉ በዚያች ብይ ላይ ያርፋል። ብረት በብረት ላይ ከሚፋተግ አንዲት ኳስ ላይ ይዞራል።

የመጀመሪያውን ተገላቢጦሽ ሠራሁት። ቧንቧውን እንደ ብርጭቆ ታቹን ዘጋሁና ለአምዱ አደረግኩት፣ ዘንጉ ከመዝጊያው ወደ ታች ወርዶ እንዲገባበት። ቆንጆ ነበር። ብይዋ ጽዋው ውስጥ ኪል ብላ ስትገባ ደስ ትላለች። ወስጄ ለጋሼ አሳየሁት። ሻይ እየጠጣ ነበር። ተቀብሎ አገላበጠው፣ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። ከዚያ የሻይ ትራፊውን ከነቅጠሉ ጽዋው ውስጥ ደፋው።

«ሐምሌ ነው እንበል» አለ። መልሶ ሰጠኝ።

ቆሜ አየሁት። ሻይዋ የትም አትሄድም። ብይዋ ሻይ ውስጥ ተኝታለች። የክረምቱ ዝናብ፣ የመንገዱ አቧራ፣ ሁሉም እዚያ ጽዋ ውስጥ ገብቶ ጭቃ ይሆናል። ጭቃና ዝገት ደግሞ ግራሶን እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚያደርገው።

ስለዚህ ገለበጥነው። ዘንጉ ከአምዱ ላይ ወደ ሰማይ ቆመ። ቧንቧው አናቱ በ10 ሚሊ ብረት ተከድኖ ለመዝጊያው ተበየደ፤ እንደ ኮፍያ ከላይ መጥቶ ዘንጉን ያለብሰዋል። ዝናቡ በኮፍያው ላይ ይወርዳል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የኮፍያው ከንፈር ከታች ያለውን ብረት መንካት የለበትም፤ 5 ሚሊ ክፍተት ይተዋል። ከነካ ክብደቱ ከንፈሩ ላይ ይሆንና ብይዋ ሥራ ትፈታለች። የላይኛው ማጠፊያም እንዲሁ ነው፤ ብይ የለውም፣ ክብደትም አይነካውም። ሁለቱም እኩል እንዲሸከሙ ማድረግ ይቻላል ብዬ ነበር። አይቻልም። በእጅ የተሠራ ነገር እኩል አይመጣም፤ በአንድ ሚሊ የበለጠው ሁሉንም ይሸከማል። ማን እንደሚሸከም አስቀድመህ ብትወስን ይሻላል።

ቧንቧው ግን ነጭ ለባሽ ነበር፣ ዚንክ የተቀባ። አላሰብኩበትም። ልክ ስበይደው ቢጫ አረንጓዴ ነበልባል ወጣ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ፣ እንደ ጥጥ ብናኝ ዙሪያውን የሚያርፍ። ቆንጆ ነው ብዬ ሁሉ ነበር። ማታ ተንቀጠቀጥኩ። አፌ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም ነበር። ሁለት ጋቢ ደርቤ አልሞቀኝም። እማዬ ወባ ነው አለች፣ ደብረ ብርሃን ላይ! ጠዋት ላይ ተሻለኝ። ጋሼ ሰምቶ ተቆጣ። ወተት ጠጣ አለኝ፤ በያጅ ሁሉ ወተት ይላል፣ ወተቱ ምን እንደሚያደርግ ግን የነገረኝ የለም። ያዳነኝ ጊዜው ነው። ለተቀሩት ሦስቱ ቧንቧዎች ዚንኩን በግራይንደር አጥቤ፣ ብረቱ ጥቁር እስኪሆን ልጬ፣ ንፋስ ባለበት ቆሜ በየድኩ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ፍሬሙ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረብኝ። አራቱን ብረቶች ገጥሜ፣ በስኳድራ አስተካክዬ፣ አንዱን ማዕዘን ጥርግ አድርጌ በየድኩ። ከዚያ ሁለተኛውን። ስጨርስ ሰያፉን ለካሁ። ሁለቱም 2 ሜትር ከ88 ሳንቲም ተኩል መሆን ነበረባቸው። አንዱ ከሌላው 12 ሚሊ ይበልጣል። ካሬ የነበረው ነገር ካሬ መሆኑን ትቷል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በየ100 ዲግሪው በሜትር 1.2 ሚሊ ገደማ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተበየደው ወገን ይኮማተርና የቀረውን አብሮ ይጎትተዋል። እኔ በአንድ በኩል ብቻ እያጋልኩ ስለሄድኩ ብረቱ ወደዚያ ዞረ። ሁለት ማዕዘን በዲስክ ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ አራቱንም በነጥብ በነጥብ መያዝ፣ ሰያፉን መለካት፣ ከዚያ አንዱን ትንሽ በይዶ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን መሄድ። ላሜራውንም ዙሪያውን አልጠረግኩትም፤ በየ20 ሳንቲሙ 3 ሳንቲም ብቻ። ስስ ላሜራ ጥርግ አድርገህ ከበየድከው እንደ ደረቀ እንጀራ ይቆለምማል።

ትልቁ መዝጊያ ላይ አንድ ሰያፍ ብረት ገባ፣ ከታችኛው ማጠፊያ ተነስቶ ወደ ነጻው ጫፍ አናት። ሊወርድ የሚፈልገውን ጫፍ ከሥር ደግፎ ወደ ብይዋ ያወርደዋል። ይሄው ነው ጌጡ።

ስለ እንጀራ ካነሳን። የእማዬ ሰፈር መብራት ደካማ ነው። አንዲት ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ስትሰካ የኔ ማሽን ድምፁ ይቀየራል። ሁለተኛዋ ስትሰካ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መጀመሪያ ማሽኔን ነበር የተጠራጠርኩት። በሦስተኛው ቀን ነው ሽታው የነገረኝ፤ ኤሌክትሮዱ በተጣበቀ ቁጥር የእንጀራ ሽታ በአጥር በኩል ይመጣል። እማዬ ዲፕሎማት ሆነች። ቤት ለቤት ዞራ የመጋገሪያ ሰዓት ተዋዋለች። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ዘብ ቆሙልኝ። «ምጣድ ተጥዷል!» ብለው ይጮሃሉ። እኔ እቆማለሁ። እማዬ ያኔ ነው ከልቧ የገባችበት፤ ከመንገድ እንዳልታይ ማለቷንም ረሳችው።

ልጆቹን ብርሃኑን እንዳያዩ ሳባርር ነበር የምውለው። የራሴን ዓይን ግን አልጠበቅኩም። ለአንዲት ነጥብ ብዬ ማስኬን ሳላወርድ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። የጨፈንኩ መስሎኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ሆኖ ነቃሁ። እማዬ ድንች ላጠች፣ ቆረጠች፣ ዓይኔ ላይ አስቀመጠች። ድንቹ ቀዝቃዛ ነው፤ ጥቅሙም እሱ ብቻ ይመስለኛል። እኔ ግን ዝም ብዬ ተኛሁ። በ40 ዓመቴ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ድንች ስትለዋውጥልኝ አደረች። ከዚያ በኋላ ማስክ አልረሳሁም።

አምዶቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ኮንክሪቱን በመሮ ፈልፍለን የውስጡን ፌሮ አወጣን፤ 10 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት ከፌሮው ጋር በየድን፣ በሲሚንቶ መለስነው። ሳምንት ውሃ አጠጣነው። ዘንጎቹ ከዚህ ብረት ላይ ነው የሚቆሙት።

የዘንጎቹን አቀማመጥ ግን ልለፈው አልችልም። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ትንሽ ወደ ጎን ካፈነገጠ በሩ በራሱ ይከፈታል ወይም በራሱ ይዘጋል፤ ሁለቱ ወዲያና ወዲህ ካዘነበሉ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሳል። እኔ ውሃ ልክ ይዤ ስለፋ ጋሼ ቱምቢ አስመጣ፣ ክር ላይ የታሰረ ክብደት። ክሩን ከላይኛው ዘንግ ጎን አንጠለጠልነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ንፋስ አያጣም። ቱምቢው ይወዛወዛል። ጋሼ ባልዲ ውሃ አስመጥቶ ቱምቢውን ውሃው ውስጥ ነከረው። ቀጥ አለ። በሕይወቴ ካየኋቸው ብልሃቶች ሁሉ ይሄን እወደዋለሁ። ባልዲው ከታችኛው ዘንግ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ክሩ የታችኛውን ዘንግ ጎን ነክቶ አለፈ። በነጥብ ያዝኩት፣ ለካሁ፣ በየድኩ።

ትልቁን መዝጊያ አራት ሰው ሆነን አነሳነው። ብይዋን በግራሶ ለውሼ ጎድጓዳዋ ላይ አስቀመጥኳት። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወዲህ፣ ልቀቅ። ጡብ ብሎ ገባ። ማንም አልተናገረም። ጋሼ ከወንበሩ ተነስቶ መጣና በአንድ ጣት ገፋው። በሌባ ጣቱ። 90 ኪሎ ብረት ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ቆሞ ቀረ፣ ባለበት። አልተመለሰም፣ አልቀጠለም። ጋሼ «እህ» አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከዚህ በላይ ምስጋና አልሰማሁም፤ አልፈለግኩምም። ከላይኛው ኮፍያ በላይ ትንሽ ብረት አምዱ ላይ በየድኩ፣ ሌባ መዝጊያውን ወደ ላይ አንስቶ እንዳይነቅለው። አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ ሁለት ጊዜ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ሁለት ጊዜ። አንበሶቹን እማዬ አላስጣለችም። ጓሮ፣ ጎመኑ አጠገብ ተደግፈው አሁንም ይፋጠጣሉ።

በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ነጠላዋን አጣፋች። ቁልፉን አዞረች። ከዚያ ትከሻዋን ከብረቱ ሥር አስገባችና በስድስት ዓመት ልማዷ ብድግ አድርጋ ገፋች። በሩ ምንም አልከበዳትም። ልትወድቅ ለጥቂት። መዝጊያውን ይዛ ቆመች፣ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ በሩን አየችው። ድምፅ የለም።

ለሁለት ሳምንት ያህል በትከሻዋ ስትከፍተው ነበር አሉ፣ ጎረቤቶች።

በመስከረም፣ ክረምቱ ሲያልፍ፣ ግራሶ ይዤ ተመለስኩ። ኮፍያዎቹ ደረቅ ነበሩ፣ በሩ እንደ ተንጠለጠለበት ቀን ነው። እማዬ ቡና እያፈላች ሌላ ወሬ ስታወራ ቆይታ በመሃል «ይሄ በር ግን» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ማን እንደገባ አላውቅም። ዘወር ስል ሰው ግቢው መሃል ቆሟል። ባለፈው የሰበካው ሰው ገብቶ ደነገጥኩ። ድሮ ይነግረኝ ነበር።»

ጎረቤቷ ደግሞ፣ እሳቷን በበሩ ድምፅ የምታያይዘዋ፣ ሁለት ጊዜ ቅዳሴ አርፍዳለች።

የትንሿን መዝጊያ ብይ አውጥቼ አጸዳሁ፣ ግራሶ ሞላሁባት። ክብደቱ እሷ ላይ ነው፣ እሷን ማስራብ አይቻልም። የላይኛውን ዘንግ ግን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጠረግኩት። አንዲት ጠብታ ቅባት አልተውኩበትም። ጎን ለጎን ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። በርግጥ ቶሎ ይበላል። ሲበላ አዲስ ዘንግ እቆርጣለሁ፤ 25 ሚሊ ድፍን ብረት፣ 12 ሳንቲም፣ ትራፊው ጓሮ አለ።

ገፋሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። እያጋመሰ ሲሄድ ሲጥ አለች፣ ቀጭን፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

«እንደሱ» አለች እማዬ ከውስጥ።